ማሽኑ «ጨምሯል» ሐኪሙ «የለም» ሲሉ፦ ስለ ኤምኤስና አንጎልን በራሱ ስለሚያነብ ፕሮግራም

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ ታናሽ እህቴ 29 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ዓይኗ በድንገት ደበዘዘባት። ስታንቀሳቅሰውም ያማት ነበር። አዲስ አበባ ወስደናት ኤምአርአይ ተነሳች፣ ከጀርባዋም ፈሳሽ ተወሰደ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው ተባለ። ስቴሮይድ ለአምስት ቀን በግሉኮስ ተሰጣት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሪቱክሲማብ ጀመረች፣ አሁንም በየስድስት ወሩ ትወስዳለች። ዘንድሮ ደግማ ተነሳች። የመጀመሪያው ቦታ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር ሌላ ማዕከል ነው የተነሳችው። የነርቭ ሐኪሟ ፊልሙን አይቶ ‹አዲስ ነገር የለም፣ መድኃኒቱን ቀጥዪ› አላት። ውጭ ያለው አጎታችን ግን ሁለቱን ሲዲ በራሱ በሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስነብቦ ሪፖርት ላከልን። የጠባሳው መጠን ከ6.1 ወደ 8.3 ሚሊ ሊትር አድጓል፣ ሦስት አዲስ ነጥብ አለ፣ አንጎሏ በ1.9 በመቶ ቀንሷል ይላል። ከዕድሜ እኩዮቿም በታች ነች ይላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ እግሯ ይከዳታል። ሐረር አክስታችን ጋ ስትሄድ ይሻላታል። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። ማሽኑን እንመን ሐኪሙን? መድኃኒቷስ ይቀየር?»

ወንድሜ፣ የእናትህን መልስ ላስቀድም። በዚያ ወረቀት ብቻ መድኃኒት አይቀየርም። ወረቀቱ ግን አይጣልም። ሚሊ ሊትሩና ፐርሰንቱ በእህትህ ሁኔታ ብዙም የሚታመኑ አይደሉም። «ሦስት አዲስ ነጥብ» የሚለው ግን በሰው ዓይን አንድ በአንድ መታየት አለበት። እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ፣ ሥራዬ ምስል ማንበብ ነው። ምስሏን ሳልከፍት አለባት የለባትም ልልህ አልችልም። የመድኃኒቱን ነገር የሚወስነውም የነርቭ ሐኪሟ ነው። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ለማስረዳት ግን የጻፍከው ይበቃኛል።

በመልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ይመታል። የሚመታውም በተለይ ማየሊንን፣ ማለትም የነርቭ ክርን የሚሸፍነውን ቅባታማ ልባስ ነው። የተመታው ቦታ ፍሌር በሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። እኛ ሌዥን እንለዋለን። አንተ ነጥብ ብለኸዋልና እኔም በዚያው ልቀጥል።

ፕሮግራሙ ሲዲውን ሲቀበል መጀመሪያ ቆዳውን፣ የራስ ቅሉንና ዓይኑን ገፎ አንጎሉን ብቻ ያስቀራል። ቀጥሎ የምስሉን ድምቀት ያስተካክላል፤ ኤምአርአይ አንዱን ጎን ትንሽ አድምቆ ሌላውን ትንሽ አደብዝዞ የማንሳት ጠባይ አለው። ከዚያ የድሮውንና የአሁኑን ምስል ልክ በልክ ያነባብራል። በመጨረሻ ምስሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ኪዩቦች፣ ቮክሰል የምንላቸውን፣ አንድ በአንድ እያየ «ነጥብ ነው፣ አይደለም» ብሎ ይፈርጃል። ነጥብ ያላቸውን ይቆጥራል፣ በአንዱ ቮክሰል መጠን ያባዛል። አለቀ። ቮክሰሉ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ሺህ ቮክሰል 1 ሚሊ ሊትር ነው።

ቆጠራው ላይ ማሽን አይሳሳትም። ጉዱ ያለው ፍረጃው ላይ ነው። ቆየት ያሉት ፕሮግራሞች በነጭነት ልክ ድንበር ያበጁ ነበር። ከ2015 ወዲህ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የመጡት አብዛኞቹ ዩኔት የተባለውን አሠራር ወይም ዘመዶቹን ይጠቀማሉ። ባለሙያዎች በእጃቸው ቀለም የቀቧቸውን ብዙ ምስሎች አይተው ይማራሉ። ስለዚህ ያዩትን ዓይነት ምስል ስታቀርብላቸው ጎበዞች ናቸው። ያላዩትን ስታቀርብላቸውም መልስ ይሰጣሉ፤ «ይህን አላውቀውም» ግን ብዙ ጊዜ አይሉም።

አሁን እርሳስ ያዝ። የእህትህ ነጥቦች ሁሉም ክብ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም 6 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው እንበል። አንዱ 113 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይይዛል። 6.1 ሚሊ ሊትር ለመሙላት 54 ያህል ያስፈልጋሉ። አንድም አዲስ ነጥብ አንጨምር። የእያንዳንዱን ድንበር ብቻ ዙሪያውን በአንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እናስፋው። አንዱ ነጥብ 155 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ54 አባዛው። 8.3ን ያልፋል!

እንግዲህ እናትህን እንቅልፍ የነሳት የ2.2 ሚሊ ሊትር ልዩነት በሙሉ በዚህ ሊገኝ ይችላል። አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ከአንድ ቮክሰል ያነሰ ነው። የነጥብ ጠርዝ ደግሞ በቢላ የተቆረጠ አይደለም፣ ቀስ እያለ ወደ ግራጫ የሚደበዝዝ ነው። ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው፤ አንዱ ማሽን 1.5 ቴስላ ሌላው 3 ቴስላ ቢሆን፣ ወይም ፍሌሩ የተነሳበት ቅንብር ትንሽ ቢለያይ፣ ያ ጠርዝ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ከቀፊራ በአንድ ሚዛን ሽንኩርት ገዝተህ ቤት ስትደርስ በሌላ ሚዛን ብትመዝነው፣ ልዩነቱን ሽንኩርቱ ላይ አትለጥፍም። እዚህም ጨመረ ከማለትህ በፊት ሚዛኑ ያው መሆኑን ነው የምትጠይቀው።

የእህትህ ሚዛን ተቀይሯል። ራስህ ጽፈኸዋል፣ ሌላ ማዕከል ነው የተነሳችው። ኤምአርአይ ደግሞ አንጎልን እንደ ዳቦ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያነሳው። ሲዲዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍታቸው ከምስሉ ጥግ የቴስላውና የቁራጩ ውፍረት ብዙ ጊዜ ይነበባል። አንዱ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በመሃል ክፍተት እየተወ የተነሳ፣ ሌላው በ1 ሚሊ ሜትር የተነሳ ከሆነ ነገሩ ይብስበታል። በ5 ሚሊ ሜትሩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጥብ በሁለት ቁራጭ መካከል ልትጠፋ ትችላለች። በቀጭኑ ላይ ቁልጭ ብላ ትወጣለች። ፕሮግራሙም «አዲስ» ይላታል። አዲሱ ነገር ግን የአነሳሱ ጥራት ነው።

ይህን የምልህ ማሽን ስለምጠላ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ፈትነውታል። በ2016 አቴንስ ላይ በተካሄደ ውድድር የ53 የኤምኤስ ሕሙማን ምስል ቀረበ። ምስሉ ከአራት ማዕከላት የመጣ ነው። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ነጥቦች ሰባት ባለሙያዎች ለየብቻ በእጃቸው ሳሉ፣ 13 የኮምፒውተር ዘዴዎችም ተወዳደሩ። ዘዴዎቹ ነጥብ በማግኘትም ድንበር በማስመርም ከባለሙያዎቹ ኋላ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽለዋል። ያላዩት የኤምአርአይ ማሽን ሲመጣ መንሸራተታቸው ግን ዛሬም የዘርፉ ዋና ራስ ምታት ነው። ሰባቱ ባለሙያዎችም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። የሰውም ድንበር ይወላውላል።

ወደ አንጎል መጠኑ ልምጣ። እናትህን ከሁሉ ያስደነገጣት ይኼ ይመስለኛል። «አንጎሏ ቀነሰ» ሲባል ማን አይደነግጥም? የጤነኛ ጎልማሳ አንጎልም በዓመት ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሕክምና ባልጀመረ የኤምኤስ ሕመምተኛ ላይ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። የእህትህ 1.9 ለሁለት ዓመት ሲካፈል በዓመት ወደ 1 ይጠጋል። ወረቀት ላይ ከፍተኛ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ምስል መቼ ተነሳ? ዓይኗ በታመመበት፣ ሕመሙ በተቀሰቀሰበት ሰሞን። ያን ጊዜ አንጎል በብግነት ምክንያት ትንሽ ያበጠ ሊሆን ይችላል። ስቴሮይዱ ሲገባ፣ በኋላም ዋናው መድኃኒት ሲሠራ፣ እብጠቱ ይሟሽሻል። ማሽኑ ይህንን «ቀነሰ» ብሎ ይመዘግባል። የጠፋ ነርቭ የለም፣ የወረደ ውኃ ነው። ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ይህ የታወቀ ነገር ነው። እኛ ሐሰተኛ መኮማተር እንለዋለን።

ሌላም አለ። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ለ16 ሰዓት ፈሳሽ ያልቀመሱ ሰዎች አንጎል መጠኑ በግማሽ ፐርሰንት ያህል እንደሚቀንስ፣ ውኃ ሲጠጡም መልሶ እንደሚሞላ አሳይቷል። አሁን አስበው። ከድሬ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግር ውኃ ሳይጠጡ። ወይም በጾም ላይ። ወይም ከሰዓት ጫት ተቅሞ በማግስቱ። ያው ሰው፣ ያው ማሽን ሆኖ እንኳ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ጥሩ የሚባሉት ዘዴዎችም ያንኑ ሰው በዚያው ማሽን ደግመው ሲለኩ 0.2 በመቶ ያህል ይዛነፋሉ። ማሽኑ ሲቀየር ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ከ1.9ኙ ምን ያህሉ የእህትህ፣ ምን ያህሉ የማሽኑ፣ ምን ያህሉ የእብጠቱ እንደሆነ ከወረቀቱ ለይቶ የሚያወጣ ሰው የለም።

«ከእኩዮቿ በታች» ስለሚለው አንድ ነገር ፈትሽ። ሪፖርቱ ራስጌ ላይ የትውልድ ቀኗ ስንት ተብሎ ተጽፏል? ፕሮግራሙ ዕድሜዋን የሚያሰላው ሲዲው ላይ ካለው የትውልድ ቀን ነው። መዝጋቢው የእኛን ዘመን አቆጣጠር በቀጥታ ከከተበው፣ ፕሮግራሙ ፈረንጅ ነውና በሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጃታል። ያኔ ከ36ና 37 ዓመት ሴቶች ጋር እያወዳደራት ነው። «ስንት ዓመቷ ነው?» ብቻ ተጠይቆ ቀኑ በግምት የተሞላም ያጋጥመኛል። ለአንድ ሰው የመጠን ደረጃ መስጫ የሚሆኑት ጤነኞችም በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ናቸው። በበኩሌ ይህን መስመር ብታልፉት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ አዲስ ነጥቦች። እዚህ ላይ ፍርዴን ለማሽኑ በመጠኑ አዘንብላለሁ። አዲስ ነጥብ ፍለጋ ላይ ኮምፒውተር የምር ይጠቅማል። ሁለት ምስል ልክ በልክ አነባብሮ አንዱን ከሌላው መቀነስ ለሱ ቀላል ነው። ሰው ግን ሃምሳ ነጥብ ባለበት አንጎል ላይ አንዲት አዲስ ነጥብ ሊያልፍ ይችላል፣ ያውም ከቀኑ መጨረሻ ላይ። ደግሞ ሐኪሟ «ፊልሙን አይቶ» ነው ያልከው። የድሮው ሲዲ አብሮ ነበር? ወይስ የዘንድሮውን ፊልም መብራት ላይ ሰቅሎ ነው «የለም» ያለው? ፊልም ላይ የሚታተመው የምስሉ ጥቂት ክፍል ነው። ለማነጻጸር ሁለቱ ሲዲ ጎን ለጎን መከፈት አለበት። ስለዚህ ሐኪሙ ስላለ ብቻም ጉዳዩ አልተዘጋም።

ግን ማሽኑ አዲስ ነጥብ ሲል ብዙ የታወቁ ማሳሳቻዎች አሉት። ከአንጎሉ በታች፣ ትንሹ አንጎልና ግንዱ አካባቢ፣ የደምና የፈሳሽ ምት ፍሌር ላይ ነጭ ጥላ ይጥላል። ከፈሳሽ ጉድጓዶቹ ጫፍ ጤነኛ ሰው ላይም ነጭ ቆብ የመሰለ ነገር ይታያል። በሽተኛዋ ትንሽ ከተንቀሳቀሰችም ድርብ መስመር ይፈጠራል። ሪፖርቱ ላይ ሦስቱ ነጥቦች በቀለም ተከበው የሚታዩበት ገጽ መኖር አለበት። አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም ሁለቱን ሲዲ ከፍቶ ወደ እነዚያ ሦስት ቦታዎች ብቻ ቢሄድ ደቂቃዎች ናቸው የሚፈጅበት። በድሮው ላይ ደብዛዛ ሆና ነበረች ወይ? በሌላ አቅጣጫ ሲታይስ አለች? የምትጠይቁት ይህንን ነው።

እንበልና ሦስቱም እውነተኛ ሆኑ። ያኔም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ምስል ሪቱክሲማብ ከመጀመሯ ወራት በፊት የተነሳ ነው። ነጥቦቹ በእነዚያ ወራት፣ ወይም መድኃኒቱ ገና ጉልበት ሳያገኝ ወጥተው ሊሆን ይችላል። ሁለት ፎቶ ብቻ ካለህ በመሃል መቼ እንደሆነ አይነግርህም። ለዚህ ነው መድኃኒት ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እንደ አዲስ መነሻ የሚሆን ኤምአርአይ ይነሳ የሚባለው። መድኃኒቱ የሚዳኘው ከዚያ መነሻ ጀምሮ ነው። እህትህ ያ መነሻ የላትም። ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ርቆ፣ ከዚያ ሁሉ ወጪ ጋር፣ ማንንም አልወቅስም። ግን የዘንድሮው ምስል መነሻ ይሁን። የቀጣዩ ዓመት ከዘንድሮው ጋር ይነጻጸር። በዚያው ማሽን፣ በዚያው አነሳስ።

ኮንትራስት፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የሚባል ቀለም፣ ተሰጥቷት ከነበረ የሚያበራ ነጥብ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ትኩስ ነጥብ የጋዶሊኒየሙን ቀለም ወስዶ የሚያበራው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያበራ ካለ ሰሞነኛ ነው፣ የሁለት ዓመቱን ክርክር በአንድ ጊዜ ያሳጥረዋል። በየዓመቱ የግድ ግን አይደለም፤ ጥሩ ማነጻጸሪያ ምስል ካለ ብዙ ጊዜ ያለ ኮንትራስት ክትትል ይቻላል።

ከወረቀቱ ይልቅ ያሳሰበኝ እግሯ ነው። የአጎትህ ፕሮግራም የሚያነበው አንጎልን ብቻ ነው። እግር የሚከዳው ብዙ ጊዜ ከኅብለ ሰረሰር በሚመጣ ችግር ነው። የአንገቷና የጀርባዋ ኤምአርአይ ተነስቶ ያውቃል? አልጻፍክልኝም። አንጎል ላይ ምንም አዲስ ሳይኖር ኅብለ ሰረሰር ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ እግርን ልታደክም ትችላለች። ያንን የትኛውም ሚሊ ሊትር አይነግርህም።

በሌላ በኩል «ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሐረር ስትሄድ ይሻላታል» ያልከው ትልቅ ፍንጭ ነው። ማየሊኑ የተጎዳ ነርቭ ሙቀት አይወድም። የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ሲጨምር እንኳ የድሮ ምልክት ይመለሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል። ዊልሄልም ኡቶፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 ጽፎታል፤ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች የተጠረጠረውን ሰው ሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ ይወጣ እንደሆነ ይፈትኑ ነበር። ድሬ ይህን ምርመራ በግንቦት ለሁሉም በነጻ ትሰጣለች። ሐረር ከድሬ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ደንገጎን ስትወጣ ነፋሱ ራሱ ይለወጣል። እህትህ አክስቷ ጋ የሚሻላት በዚህ ይመስለኛል። ሙቀት ያመጣው ድካም አዲስ ጉዳት አያደርስም፤ ጥላ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ፣ ሥራን ወደ ማለዳ ማዞር ይበቃዋል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ምልክቱ ከ24 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ከቆየ፣ ቀዝቅዛም ካልለቀቃት፣ ወይም ከዚህ በፊት የማታውቀው ምልክት ከሆነ፣ ያ አዲስ ማገርሸት ሊሆን ይችላል። በተለይ ሽንት መያዝ ወይም መልቀቅ ካቃታት፣ ሁለቱም እግሯ ከደነዘዘ፣ ሪፖርትም አጎትም አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት። ትኩሳት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለባትም ድሮ የነበረውን ሁሉ ሊቀሰቅስ ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይመርመር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለሐኪሟ በትሕትና አቅርቡ። «የአኳፖሪን 4 የደም ምርመራ ተሠርቶላታል ወይ?» ዓይንና ኅብለ ሰረሰር የሚያጠቃ፣ ኤምኤስ የሚመስል ግን ሌላ የሆነ ኤንኤምኦ የሚባል በሽታ አለ፤ ምርመራው እሱን ለመለየት ነው። ለኤምኤስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ኢንተርፌሮንና ፊንጎሊሞድ፣ ያንን በሽታ ያባብሱታል። ሪቱክሲማብ ለሁለቱም ይሰጣልና አሁን ባለችበት አያስጨንቅም። መድኃኒት ይቀየር የሚል ሐሳብ ሲመጣ ግን መልሱ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ከጀርባዋ የተወሰደው ፈሳሽ ውጤት፣ ኦሊጎክሎናል ባንድ የሚለው፣ ኤምኤስ ነው ብሎ ከመሰከረ ጥሩ ድጋፍ ነው። ወረቀቱን ፈልጉት። ፕሮግራሙ በዚህ ሁሉ የለበትም። ነጭ ነገር ይቆጥራል፣ ነጩ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የደም ግፊት ባለበት የስድሳ ዓመት ሰው ላይ ብታስነብበውም ነጥብ ቆጥሮ፣ በሚሊ ሊትር አድርጎ፣ ባማረ ገጽ ያወጣልሃል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሪቱክሲማብን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለኤምኤስ አካቶታል። ተራ መድኃኒት እየወሰደች አይደለም። አጎትህ «ከእዚህ የተሻለ እልካለሁ» ካለ፣ ለፍቅሩ አመስግኑት፣ ሐኪሟ ሳያውቅ ግን እንዳይጀመር።

ስለ አጎትህ ካነሳን፣ ሲዲውን የት ነው ያስነበበው? ሆስፒታል ውስጥ ከሆነ ደህና። ከኢንተርኔት ያገኘው ነጻ ገጽ ላይ ጭኖት ከሆነ ግን ስሟና የትውልድ ቀኗ አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ስሙ ቢጠፋ እንኳ ከራስ ምስል ፊት መልሶ መሥራት ይቻላል። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የ84 በጎ ፈቃደኞችን ኤምአርአይ ከፎቶግራፋቸው ጋር በኮምፒውተር አመሳክረው 70ዎቹን በትክክል ለይተዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ ስሙም ፊቱም የሚጠፋበት መንገድ ካለ ይጠይቅ። የፊልሙን ፎቶ በቴሌግራም እየላካችሁ «ይነበብልን» ማለቱንም ተዉት። ለፕሮግራሙም ለኛም አይጠቅምም።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው። ሁለቱን ሲዲና የአጎትህን ሪፖርት ይዛችሁ የራዲዮሎጂ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ ኤምአርአይ አያስፈልግም፣ ድጋሚ ንባብ ነው የምትጠይቁት። ውጤቱን ለነርቭ ሐኪሟ አድርሱ። ሪፖርቱንም አሳዩት፤ አይቀየምም፣ ከተቀየመም ያልፋል። ለቀጣዩ ዓመት የምርመራ ማዘዣ ሲጽፍ እንዲህ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት፦ «ለኤምኤስ ክትትል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር። ፍሌር በስሪዲ፣ 1 ሚሊ ሜትር። ከዘንድሮው ሲዲ ጋር ተነጻጽሮ ይነበብ።» ዘንድሮ የተነሳችበት ማዕከል ስሪዲ፣ ማለትም ያለ ክፍተት በቀጭኑ የሚነሳው፣ ከሌለው ቢያንስ ቁራጩ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር፣ ክፍተትም እንዳይኖረው። ቀጠሮውን ከሪቱክሲማቡ ጉዞ ጋር አገናኙት፣ አንድ ትኬት ይቀንስላችኋል። መንገድ ላይ ውኃ ትጠጣ። የትውልድ ቀኗን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋችሁ ያዙ።

ሲዲዎቹን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ሲዲ ይጫራል፣ ቁም ሳጥን ውስጥም ይጠፋል። አዲሱን ሲዲ ሲሰጧችሁ ደግሞ ከግቢው ሳትወጡ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይከፈትላችሁ፤ ስሟን አንብቡ፣ ምስሉ መኖሩን እዩ። ባዶ ሲዲ ወይም የሌላ ሰው ሲዲ ይዘው ድሬ ድረስ የተመለሱ ሰዎች ይመጡብኛል።